አልጋዬ ሥር ያለው ባትሪ፦ ካምፐር ውስጥ ከወራት በኋላ

ካምፐሬን፣ የምተኛበትን መኪና ማለቴ ነው፣ ከመስመር መብራት ነጻ ካደረግኩት ወራት አልፈዋል። ብርዱንም፣ ሙቀቱንም፣ ደመናውንም አብረን አይተናል። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ባትሪው ነው። እኔ ግን በነዚህ ወራት ልፋትም ደስታም ያገኘሁት በባትሪው ዙሪያ ካሉት ትንንሽ ዕቃዎች ነው።

የገጠምኩት ይሄ ነው። ሁለት ባለ 100 አምፔር-ሰዓት ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ፣ በፓራለል (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ) የተያያዙ። ጣሪያ ላይ ሁለት ባለ 150 ዋት ሶላር ፓነል፣ የፓነሉን ኃይል አሟጦ ወደ ባትሪው ከሚያስገባ ኤምፒፒቲ ኮንትሮለር ጋር። በጉዞ ላይ ከመኪናው ዲናሞ የሚሞላ ባለ 30 አምፔር ዲሲ-ዲሲ ቻርጀር። የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ባለ 1500 ዋት ኢንቨርተር። እና ትንሽ ክብ ስክሪን ያላት የባትሪ መቆጣጠሪያ።

ስለ ባትሪው ብዙ የምለው የለም፤ ሥራውን ይሠራል። አንዱ 12 ኪሎ ገደማ ነው። ተመሳሳይ መጠን ያለው የአሲድ ባትሪ ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል። የአሲዱን በየጊዜው ከግማሽ በታች ካወረዱት ዕድሜው ያጥራል፤ ይሄኛው 20 በመቶ ቢደርስም ቅር አይለውም። ሁለቱ ተደምረው 2560 ዋት-ሰዓት ይይዛሉ። ፍሪጁ፣ መብራቱ፣ የውሃ ፓምፑ፣ ላፕቶፑና ስልኩ በቀን 700 አካባቢ ይበላሉ። ፀሐይ ጭራሽ ባትወጣም ሦስት ቀን ገደማ ያቆየኛል።

«አልጋህ ሥር አድርገኸው እንዴት እንቅልፍ ይወስድሃል? ቢፈነዳስ?» የሚሉኝ አሉ። አይፈረድባቸውም፤ ሊቲየም ሲባል ሰው ትዝ የሚለው የተቃጠለ ስልክ ነው። የዚህ ኬሚስትሪ ግን ከስልኩ ይለያል። ውስጡ ያለው የብረትና የፎስፌት ውህድ ሲሞቅ ኦክስጅኑን በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ እንደ ስልኩ ዓይነት በቀላሉ በእሳት አይያያዝም። ውህዱ ለባትሪ እንደሚሆን በ1997 እ.ኤ.አ. ያሳወቁት በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ጆን ጉዲናፍና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ጉዲናፍ በሊቲየም ባትሪ ሥራቸው በ2019 ኖቤል ሲሸለሙ 97 ዓመታቸው ነበር፤ በሽልማቱ ታሪክ በዕድሜ ትልቁ ተሸላሚ። የዚህ ባትሪ ጉድለት ከስልኩ ዓይነት ጋር ኪሎ ለኪሎ ሲወዳደር ያነሰ ኃይል መያዙ ነው። ለኪስ ይከብድ ይሆናል፣ ለመኪና ግን ምንም አይደል። እኔን የሚያሳስበኝ ከባትሪው ይልቅ ገመዱ ነው። እመጣበታለሁ።

ከዚህ ሁሉ ዕቃ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ያቺን ስክሪን እመርጣለሁ። የዚህ ባትሪ ቮልት ያታልላል። 80 በመቶ ሲሆንም 30 በመቶ ሲሆንም 13 ቮልት አካባቢ ይቆማል። ሊያልቅ ሲል ብቻ ድንገት ዱብ ይላል። ቮልት እያዩ ባትሪው ስንት ቀረው ማለት እንግዲህ ግምት ነው። መቆጣጠሪያዋ ግን ኔጋቲቩ ገመድ ላይ በተገጠመ፣ ሻንት በሚባል መለኪያ አማካይነት የገባውንና የወጣውን አምፔር ትቆጥራለች። አንድ ነገር ብቻ ትፈልጋለች፦ የሁሉም ዕቃ ኔጋቲቭ በሻንቱ በኩል ይለፍ። አንድ ገመድ አቋርጦ ባትሪው ላይ ከታሰረ ሒሳቡ ገደል ገባ።

ሌባውን ያጋለጠችልኝም እሷው ናት። ሌሊት ነው። መብራቱ ጠፍቷል፣ ፍሪጁም ዝም ብሏል። ስክሪኑ ላይ ግን 1.1 አምፔር ይላል፣ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት። ኢንቨርተሩን አጠፋሁት። ቁጥሩ ወደ 0.1 ወረደ። አያችሁ፣ ምንም ሳይሰካበት፣ በርቶ በመቀመጡ ብቻ፣ በ24 ሰዓት 24 አምፔር-ሰዓት ይጠጣል። የአንዱ ባትሪ ሩብ ማለት ነው፤ በነጻ! አሁን ኢንቨርተሩን የማበራው የውሃ ማፍያውን ስሰካ ብቻ ነው። ላፕቶፑም ስልኩም የሚሞሉት ከ12 ቮልቱ ሶኬት ነው። ሁለተኛ ባትሪ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ መጀመሪያ ሌሊት ተነስታችሁ ይሄን እዩ።

ሶላሩ ላይ ቅሬታ አለኝ። 300 ዋት የሚለው ቁጥር የላብራቶሪ ቁጥር ነው፤ የሚለካው የፓነሉ ሙቀት 25 ዲግሪ ሆኖ ነው። ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲያነደው 60 ይደርሳል፤ ከ25 በላይ ለሚጨምረው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ደግሞ 0.35 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። 12 በመቶው እዚያው ቀረ። ፓነሉ የተጋደመ ስለሆነ ጠዋትና ማታ ፀሐይን በደንብ አያገኛትም። በጥሩ ቀን እኩለ ቀን ላይ 230 ዋት ካየሁ ደስ ይለኛል። ደመናማ ቀን የሚገባው ነገር ፍሪጁን እንኳ አይችልም።

ጉዱ ግን ጥላ ነው። የአየር ማስወጫዋን ክዳን ስከፍት ጥላዋ የአንዱ ፓነል ጥግ ላይ ያርፋል። ስፋቱ የመዳፍ ያህል ቢሆን ነው። የፓነሉ ምርት ግን ክፉኛ ይወርዳል፤ ሴሎቹ ተከታትለው የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲታፈን ሌሎቹንም ይይዛል። ፓነሎቹን በፓራለል ያያያዝኳቸው ለዚህ ነው። አንዱ ቢጠላበትም ሌላው ይሠራል። ደግሞ በሙቀት ጊዜ ማን ዛፍ ሥር ማቆም የማይፈልግ አለ? ወይ ጥላ ወይ ኤሌክትሪክ ነው፤ ሁለቱንም አታገኙም።

ሶላሩ የጎደለውን የሚሞላው የዲናሞው ቻርጀር ነው። አንድ ሰዓት መንዳት ወደ 30 አምፔር-ሰዓት ያስገባል። የሁለት ሰዓት መንገድ ከደመናማ ቀን ሶላር ይበልጣል፣ በብዙ። «ለምን ገመድ ስቦ በቀጥታ ማገናኘት አይቻልም?» ለሚሉ፦ ሊቲየም ባትሪ ስስታም ነው፤ ዲናሞው ያለውን ሁሉ ይስብበታል። በተለይ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ የዲናሞው ማቀዝቀዣ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ዲናሞው ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል። ቻርጀሩ ገደብ ያበጅለታል። እሱ ራሱም ይሞቃል ታዲያ። የተዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ ከሆነ ራሱን ለማዳን ኃይሉን ይቀንሳል፤ ክፍት ቦታ ስጡት።

ብርድ ላይ የሚያስደነግጥ ነገር አለ። ጠዋት ፀሐይ ወጥታለች፣ ፓነሉም ንጹሕ ነው፣ ወደ ባትሪው የሚገባው ግን ዜሮ። ተበላሽቶ አይደለም። ይህ ባትሪ ከ0 ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ከተደረገ ሊቲየሙ ውስጡ እንደ ብረት ይለበድና ባትሪውን ለዘለቄታው ይጎዳዋል። ስለዚህ ቢኤምኤስ የሚባለው ውስጣዊ መቆጣጠሪያው በሩን ይዘጋል። መስጠት ግን አያቆምም፤ ፍሪጁም መብራቱም ይሠራሉ። ባትሪዎቹን ውጭ ሳይሆን አልጋ ሥር ያደረግኩት ሰው የሚተኛበት ቤት እነሱንም ስለሚያሞቅ ነው።

አሁን ወደ ገመዱ። የውሃ ማፍያው 1000 ዋት ነው። በ12 ቮልት ሲሰላ፣ ከኢንቨርተሩ ብክነት ጋር፣ ወደ 90 አምፔር ይጠጋል። ይህ ጨዋታ አይደለም። ለኢንቨርተሩ የገጠምኩት ባለ 50 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ነው፣ በተቻለ መጠን አጭር። ፊውዙ ፖዘቲቩ ላይ፣ ከባትሪው አጠገብ ነው። ሊቲየም ባትሪ ሾርት ሲያደርግ በሺዎች የሚቆጠር አምፔር ሊተፋ ስለሚችል ርካሽ ፊውዝ ላያቆመው ይችላል፤ ክላስ ቲ የሚባለው ለዚህ የተሠራ ነው። ከዚያ የመንገዱ ንዝረት አለ፤ ዳዶዎቹን ቀስ በቀስ ያላላቸዋል። ማፍያው ሥራውን እንደጨረሰ አጥፍቼ የገመዶቹን ጫፍ በእጄ ጀርባ እነካለሁ። አንዱ ከሌሎቹ ሞቅ ካለ ላልቷል ማለት ነው። አንዴ ኢንቨርተሩ ላይ ያለው ኔጋቲቭ እንዲህ ተገኘ፤ በቁልፍ ሩብ ዙር ሳጠብቀው ሙቀቱ ጠፋ።

አቅሙ ቀንሷል ወይ? እስካሁን የሚታይ ነገር የለም። መኪናው ለረጅም ጊዜ ሲቆም ግማሽ ላይ ትቼ ሁሉንም አጠፋለሁ፤ ሙሉ ሆኖ መክረሙን አይወድም።

በየቀኑ የምትነዱ ከሆነ አንድ ባትሪና የዲናሞ ቻርጀር ይበቃችኋል፣ ሶላሩን ተዉት። አንድ ቦታ ሳምንት የምትከርሙ ከሆነ ግን ሶላር የግድ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ኤሲ (የአየር ማቀዝቀዣ) ማሠራት የሚያምራችሁ ካላችሁ ይህ መጠን አይሆናችሁም። እኔ ቀጥሎ የምገዛው ሦስተኛ ባትሪ አይደለም። የሚታጠፍ ፓነልና 10 ሜትር ገመድ ነው፦ መኪናው ጥላ ውስጥ፣ ፓነሉ ፀሐይ ላይ።