ለጥቂት ወራት ቤት ልትከራዩ ነው? ፈርኒሽድ፣ ባዶ ቤት ወይስ ደባልነት

ለሥራ ወይም ለትምህርት ወደ አንድ ደማቅ ከተማ ሄዳችሁ 3፣ 5፣ 8 ወር ልትቆዩ ነው እንበል። ለሆቴል በጣም ረዘመ፣ ቤት ይዞ ለመደላደል ደግሞ አጠረ። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያቃጥለው እዚህ መሀል ላይ ነው፤ ምክንያቱም የሚያወዳድረው የወር ኪራዩን ብቻ ነው። መታየት ያለበት ግን ከገባችሁበት ቀን ጀምሮ ቁልፍ እስክታስረክቡ ድረስ ከኪሳችሁ የሚወጣው ነው።

በቁጥር ላሳያችሁ። ባዶ ቤት በወር 100 ነው እንበል፣ ዕቃ የተሟላለት ፈርኒሽድ ቤት 140። የገንዘቡን ዓይነት ተዉት፣ ልዩነቱን ብቻ እዩ። ባዶው ቤት አልጋ፣ ፍራሽ፣ ፍሪጅ፣ ምድጃ፣ መጋረጃ ይፈልጋል፤ 300 አወጣችሁ። ስትወጡ ዕቃውን በ100 ሸጣችሁት፣ እሱም ገዢ ከተገኘ ነው። 200 ከሰራችሁ ማለት ነው። ለማጓጓዣና ለኢንተርኔት ማስገቢያ 40 ጨምሩበት። እንግዲህ 4 ወር ከቆያችሁ ባዶው ቤት 640 ይፈጃል፣ ፈርኒሽዱ 560። 6 ወር ላይ ሁለቱም 840 ሆነው ይገናኛሉ። 10 ወር ሲሞላ ባዶው 1,240 ነው፣ ፈርኒሽዱ 1,400። እናንተ የምትሄዱበት ከተማ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል፣ አሠራሩ ግን ያው ነው፤ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ወረቀት ላይ ሥሩት።

ስለዚህ ከግማሽ ዓመት በታች ለሚቆይ ሰው የኔ ምርጫ ፈርኒሽድ ነው። ዓመት ለሚጠጋ ሰው ባዶ ቤት፣ ያውም ውሉ ቀድሞ ለመውጣት የሚፈቅድ ከሆነ። ብዙ የባዶ ቤት ውል የ12 ወር ነው፤ ሥራው ቶሎ አልቆ በ8ኛው ወር ብትወጡ የቀረውን 4 ወር ማን ይከፍላል? ይህ ጥያቄ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ መመለስ አለበት።

ፈርኒሽድ ስንል ግን ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ ኤርቢኤንቢን በመሰለ የቤት ማከራያ መተግበሪያ መያዝ ነው፣ ሌላው ከባለቤቱ ወይም በደላላ በኩል በቀጥታ መከራየት። የመተግበሪያው ጥቅም ግልጽ ነው። መብራት፣ ውኃና ኢንተርኔት አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ውስጥ አሉ፣ ክፍያው በመተግበሪያው በኩል ስለሚያልፍ ብሩን ይዞ የሚሰወር አከራይ አያሳስባችሁም፣ ብዙ አከራዮችም ለወር ቅናሽ ያደርጋሉ። ጉዳቱ የአገልግሎት ክፍያው ነው፣ ከሱ በላይ ደግሞ የስረዛ ሕጉ። ኤርቢኤንቢ ላይ 28 ሌሊትና ከዚያ በላይ ከያዛችሁ የረጅም ቆይታ ሕግ ውስጥ ትገባላችሁ፤ ከገባችሁ በኋላ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ የቀጣዩ 30 ቀን ኪራይ ላይመለስ ይችላል። ይህን ሳያነብ 3 ወር በአንዴ የሚይዝ ሰው ብዙ ነው። እባካችሁ ሳታነቡ አትያዙ።

በቀጥታ ስትከራዩ ዋጋው ይወርዳል፣ ለመደራደርም ይመቻል። ሦስት ወር በአንዴ እከፍላለሁ፣ ቀንስልኝ ማለት ይቻላል። በዚያው ልክ ዲፖዚት፣ ማለትም ስትወጡ የሚመለስ የመያዣ ገንዘብ፣ ትከፍላላችሁ፣ የደላላ ኮሚሽን ይኖራል፣ ማጭበርበርም አለ። አከራዩ «ውጭ አገር ነኝ፣ ቀብድ ላክልኝና ቁልፉን በፖስታ እልክልሃለሁ» ካለ ነገሩ እዚያው ያብቃ። ቤቱን እናንተ ወይም የምታምኑት ሰው በእግሩ ገብቶ ሳያየው ቤሳ እንዳትልኩ። ፎቶዎቹንም ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ፤ የሌላ ከተማ ቤት ሆኖ ይገኛል።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን 2 ወይም 3 ሳምንት ብቻ በመተግበሪያ እይዛለሁ፣ ከዚያ እዚያው ሆኜ በእግሬ ቤት እፈልጋለሁ። ይህን ልማድ ያመጣሁት በአንድ ቤት ምክንያት ነው። ቤቱን ያየሁት ማክሰኞ ጠዋት ነበር፤ ጸጥ ያለ፣ ፀሐይ የሚገባበት፣ ከሁሉ ነገር ቅርብ። የ6 ወር ውል ፈረምኩ። ከሥር የተዘጋ የብረት በር አይቼ መጋዘን መስሎኝ ነበር። አርብ ማታ በሩ ተከፈተ፣ ለካ ጭፈራ ቤት ነው። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ተነስቼ ወጥ ቤት ስገባ ቁምሳጥኑ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው እየተንቀጫቀጩ ነበር። ጠዋት ሥራ ነበረኝ። ያንን ስድስት ወር እንዴት እንደገፋሁት አልረሳውም።

ደማቅ ከተማ ስለሆነ መሀል ከተማ መኖር ሁሉም ይመኛል፣ ልክም ነው፣ የመጣነው ለዚያ ነው። ግን ለሳምንት ጉብኝት የሚያስደስተው ድምፅ ለወራት እንቅልፍ ይነሳል። ከዋናው ጎዳና ሁለት ሦስት መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ቤት፣ ባቡር ወይም አውቶቡስ በእግር 10 ደቂቃ ያለበት፣ ለኔ ከመሀሉ ይበልጣል። ቤቱን ደግሞ ሁለት ጊዜ እዩት፤ አንዴ በቀን፣ አንዴ በሳምንቱ መጨረሻ ማታ። ሻወሩን ክፈቱና የወጥ ቤቱንም ቧንቧ ክፈቱ፤ የሻወሩ ውኃ ከቆመ ግፊት የለም። ስልካችሁ መኝታ ክፍል ውስጥ ኔትወርክ ይስባል ወይ? ከቤት የምትሠሩ ከሆነ ይህን አትለፉት።

ሰርቪስ አፓርትመንት፣ ማለትም ጽዳትና እንግዳ ተቀባይ ያለው፣ ለአንድ ወር ሸጋ ነው። ከዚያ በላይ የድርጅት ገንዘብ ካልሆነ አይመከርም።

ደባል ሆኖ ክፍል መከራየት ከሁሉም ይረክሳል። ብቻውን ለመጣ ሰው ደግሞ ከርካሽነቱ በላይ ሰው ይሰጠዋል፤ ከተማውን የሚያሳየው፣ ቢታመም የሚያየው። እኔ ይህን አማራጭ ሰው ሁሉ እንደሚያቃልለው አላቃልለውም። ነገር ግን ዋናው ውል በማን ስም እንደሆነ ጠይቁ። ደባላችሁ ራሱ ተከራይ ከሆነ አከራዩ ማወቁን በጽሑፍ አረጋግጡ፣ አለዚያ ሁለታችሁም በአንድ ቀን ልትወጡ ትችላላችሁ።

ሕጉም ከአገር አገር ይለያያል፣ ምርጫችሁንም ይለውጣል። ኒው ዮርክ ውስጥ ከ30 ቀን በታች የሆነ ኪራይ ከ2023 ጀምሮ በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ነው፤ አከራዩ መመዝገብና እዚያው ቤት ውስጥ መገኘት አለበት፣ ስለዚህ የኔ የ2 ሳምንት ዘዴ እዚያ ይከብዳል። ፈረንሳይ ውስጥ ለተማሪና ለጊዜያዊ ሠራተኛ ከ1 እስከ 10 ወር የሚሆን የፈርኒሽድ ውል አለ፣ ዲፖዚትም አይጠየቅበትም። ጀርመን ውስጥ ለመኖር ከገባችሁ በ2 ሳምንት ውስጥ አድራሻ ማስመዝገብ ግዴታ ነው፣ ለዚህም ከአከራዩ የማረጋገጫ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀቱን የማይሰጥ አከራይ ቤቱ የቱንም ያህል ቢያምር አይሆናችሁም። ዲፖዚቱም እዚያ ከ3 ወር ኪራይ አይበልጥም፣ በሦስት ጊዜ መክፈልም ይቻላል።

ዲፖዚት ካነሳን፣ በገባችሁበት ቀን ሻንጣ ሳትፈቱ እያንዳንዱን ክፍል በቪዲዮ ቅረጹ። ግድግዳውን፣ የፍራሹን ሁለቱንም ገጽ፣ የምድጃውን ውስጥ፣ የቆጣሪውን ቁጥር። ቪዲዮውን ያንኑ ቀን ለአከራዩ ላኩለት፣ ስልካችሁ ላይ ብቻ አታስቀምጡት። እኔ ከሌላ ቤት ስወጣ ባለቤቱ መታጠቢያ ቤት ገብቶ አንድ የተሰነጠቀ ሰድር አሳየኝና ከዲፖዚቱ ሊቆርጥ ተነሳ። አልተከራከርኩም። ከ5 ወር በፊት የላክሁለትን መልእክት ከፍቼ ሰጠሁት፤ ሰድሩ እንደተሰነጠቀ ይታያል፣ ከሥሩም የሱ «እሺ አይቻለሁ» የሚል መልስ አለ። ብሩን ቆጥሮ ሰጠኝ።