«ሁሉ ነገር የተከፈተለት» ስልክ አትግዙ

ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬም ሆነ ባሕር ዳር፣ ያገለገለ ስልክ ልትገዙ ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። «ሩት የተደረገ ነው፣ ሁሉ ነገር ክፍት ነው» እየተባለ በቅናሽ የሚሸጥ የአንድሮይድ ስልክ አለ። ሩት ማለት ስልኩ ላይ ሁሉን የማድረግ ሥልጣን ነው። የሚከፈልባቸው ጌሞች በነጻ ይጫኑበታል፣ ማስታወቂያ አይመጣበትም ይሏችኋል። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። የማይነግሯችሁ ግን ስልኩ አፖችን የሚቆጣጠርበት አቅሙ መወሰዱን ነው።

የአክስቴ ልጅ ፍኖተ ሰላም በርበሬ ይነግዳል። የሸጠበትን ብር የሚቀበለው በስልኩ ነው። ከአንድ ሞባይል ቤት እንዲህ ያለ ስልክ ገዛ። የባንኩ አፕ አልከፍትም አለው። መልሶ ሲወስደው ሻጩ የሆነ ነገር ጫነና አፑ ተከፈተ። «ችግር የለም፣ አንቲቫይረስም ጭኜልሃለሁ» ብሎ ሸኘው። ልጁ ግን አላማረውምና ስልኩን አምጥቶ አሳየኝ። አይቼው በጣም ደነገጥኩ። የሩት ፈቃድ የጠየቀ አፕ ሁሉ፣ ባለቤቱ ሳይጠየቅ እንዲፈቀድለት ተደርጎ ተስተካክሏል። የባንኩ አፕ አደጋ አይቶ ነበር እምቢ ያለው። ሻጩ ያደረገው አደጋውን ማጥፋት ሳይሆን ከአፑ መደበቅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድሮይድ የተሠራው ሊኑክስ በተባለው ሲስተም ከርነል ላይ ነው። ከርነል የስልኩን ዕቃዎችና ፕሮግራሞቹን መሃል ላይ ሆኖ የሚያስተዳድር ዋናው ክፍል ነው። የትኛውም አፕ ፋይል ለመክፈት ወይም ኢንተርኔት ለመጠቀም ከርነሉን መጠየቅ አለበት፤ ጥያቄው ሲስተም ኮል ይባላል። አንድ አፕ ሲጫን የራሱ የተጠቃሚ ቁጥር ይሰጠዋል። ከርነሉ በዚያ ቁጥር እየለየ አንዱ የሌላውን ፋይል እንዳያነብ ያግዳል። በአንድ ግቢ የሚኖሩ ተከራዮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ክፍል ቁልፍ ብቻ እንዳላቸው ማለት ነው። ሩት ያገኘ አፕ ግን የሁሉም ክፍል ቁልፍ በእጁ ነው። የባትሪ መብራት አፕ መስሎ የገባ ሌባ የባንክ አፓችሁ ያስቀመጠውን ያገኛል፣ በቴክስት የሚመጣላችሁን ማረጋገጫ ቁጥርም ያነባል።

በዚህ ላይ ሌላ አጥር አለ፤ ኤስኢሊኑክስ ይባላል። የአሜሪካ ብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2000 ይፋ ያደረገው ሥራ ነው። አንድሮይድ ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 ከአንድሮይድ 4.3 ጋር ገባ፣ በ2014 ከአንድሮይድ 5.0 ጀምሮ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የሚከለክል ሆነ። ትልቁ ጥቅሙ፣ ሩት ሆኖ የሚሠራ የሲስተም ፕሮግራም እንኳ ከተፈቀደለት ሥራ ውጪ እንዳይነካ መገደቡ ነው። በዘመዴ ስልክ ላይ ይህ አጥር «መዝግብ እንጂ አትከልክል» ወደሚለው ሁኔታ ተቀይሮ አገኘሁት። ስልክን ሩት ማድረግ አንድ ነገር ነው። አውቆበት የራሱን ስልክ ለሥራው ሩት የሚያደርግ ባለሙያ አለ፣ እሱን አልነካም። ኤስኢሊኑክስን እንዳይከለክል አድርጎ፣ ምንም ለማያውቅ ነጋዴ መሸጥ ግን ግፍ ነው።

«ርካሽ ነው» ተብሎ የሚሸጥ በጣም የቆየ ስልክም ያሳስበኛል። አንድሮይድ 8 እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ ሰኮምፕ የሚባል ማጣሪያ ለአፖች ሁሉ አመጣ። አፖች የማያስፈልጓቸውን ሲስተም ኮሎች ከነጭራሹ እንዳይጠይቁ ያደርጋል። ባለ 64 ቢት ስልክ ላይ ከ271 ጥያቄዎች 17ቱን፣ ባለ 32 ቢት ላይ ደግሞ ከ364 ውስጥ 70ውን ዘጋ። ያልተዘጋ ጥያቄ ሁሉ ከርነሉ ውስጥ ያለ ስህተት ላይ ሊያደርስ የሚችል መንገድ ነው። ስህተት ደግሞ አይጠፋም። «ደርቲ ካው» የተባለው የሊኑክስ ቀዳዳ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ከርነሉ ውስጥ ተቀምጦ የታወቀው በ2016 ነው። ተራ አፕ ያለማንም ፈቃድ ሩት እንዲሆን ያስችል ነበር። ስለዚህ ከአንድሮይድ 8 በታች የሆነውን፣ ማሻሻያ ከቆመለትም ብዙ ዓመት ያለፈውን ስልክ ለገንዘብ ሥራ አትጠቀሙበት።

አንቲቫይረሱስ? እሱም እንደሌሎቹ ተራ አፕ ነው። ሩት ያለው ቫይረስ ከበላዩ ስለሆነ ሊያጠፋው ይችላል።

ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ ስልኩን አጥፉና መልሳችሁ አብሩት። ዓይናችሁን ከመጀመሪያው ስክሪን ላይ አታንሱ። ብዙ ስልኮች ቡትሎደራቸው (ስልኩ ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ቁልፉ ከተከፈተ ሲነሱ ያስጠነቅቃሉ፤ አንዳንዱ «ኦሬንጅ ስቴት» ብሎ ይጽፋል፣ አንዳንዱ የተከፈተ ቁልፍ ምስል ያሳያል። ሻጩ «እሱ ምንም አይደለም» ካላችሁ ትታችሁ ውጡ። ቀጥሎ ፕሌይ ስቶር ውስጥ ገብታችሁ ሴቲንግ ላይ ስልኩ ሰርቲፋይድ (ጉግል ያጸደቀው) መሆኑን እዩ። ይህኛው በተንኮል ሊደበቅ ስለሚችል ብቻውን አትመኑት። የመጨረሻውን የሴኩሪቲ ማሻሻያ ቀንም በራሱ በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ገዝታችሁ ከሆነ «ፎርማት አድርገው» የሚላችሁን አትስሙ። ፎርማት የእናንተን ፎቶና ፋይል ያጠፋል እንጂ የተነካካውን ሲስተም አይመልስም። መፍትሔው የአምራቹን ኦሪጅናል ሶፍትዌር መጫን፣ ከዚያ ቡትሎደሩን መቆለፍ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ስልኩ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል፤ ስለዚህ ለሚያውቅ ሰው ስጡት። እስከዚያው ሲም ካርዱን ወደ ሌላ ስልክ አዙሩ፣ የባንክ ፒናችሁን ከዚያ ንጹሕ ስልክ ላይ ቀይሩ። ደረሰኝ ካላችሁ ወደ ሻጩ ተመለሱ፤ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 እንከን ያለበትን ዕቃ እንዲለውጥላችሁ ወይም ብራችሁን እንዲመልስ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። ገና የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ደረሰኙ ላይ «ሩት ያልተደረገ» ብሎ እንዲጽፍ ጠይቁት። አልጽፍም ካለ አትግዙ።