የኪስ ዳዊት ሲገዙ፦ ለዘወትር ጸሎት የሚሆነው የትኛው ነው?

ታክሲ ውስጥ፣ በሻይ ሰዓት፣ ወረፋ በሚጠበቅበት ወንበር ላይ ለሚደገም ዳዊት የመጽሐፉ አሠራር ትልቅ ነገር ነው። ቅጠሉ ረግፎ ወይም ፊደሉ ዓይን አድክሞ መደርደሪያ ላይ የቀረ ዳዊት ብዙ ነው። በንዋየ ቅድሳት መሸጫዎች የሚገኙት ሦስት ዓይነት ናቸው፦ ግእዝ ብቻ፣ አማርኛ ብቻ፣ ግእዝና አማርኛ ጎን ለጎን። ወፈር ቢልም ለዘወትር የምንመክረው ሦስተኛውን ነው።

ለምን ቢሉ፣ ሰኞ የምትደገመውን መዝሙር 14 (በዕብራይስጡ አቆጣጠር 15) ይመልከቱ። አምስት ቁጥር ብቻ ናት። በእግዚአብሔር ድንኳን የሚያድር ማን እንደሆነ ትጠይቅና መልሱን ከገበያና ከሥራ ቦታ ታመጣዋለች፦ ባልንጀራውን በአንደበቱ የማይጎዳ፣ የማለውን የማያፈርስ፣ ገንዘቡን በአራጣ የማያበድር፣ በንጹሕ ሰው ላይ መማለጃ የማይቀበል። ትርጉሙን ሳያውቅ ግእዙን እየሮጠ የሚያነብ ሰው ይህ ሁሉ ያመልጠዋል። አማርኛው በጎኑ ካለ ግን ከሰዓት ሂሳብ ሲዘጋ ወይም የሌለ ሰው ስም ሲነሣ ጠዋት ያነበበው ትዝ ይለዋል። በጸሎት የተቀበልነው ጸጋ ወደ እጅና ወደ አንደበት የሚወርደው በዚህ በኩል ነው።

ከመግዛትዎ በፊት ጀርባውን ይመልከቱ። በክር የተሰፋ ጥራዝ ሲከፈት በየእጥፉ መካከል ክሩ ይታያል፤ በሙጫ ብቻ የተያያዘው ደጋግሞ ሲገለጥ ከመሃል ይሰነጠቃል። ቀጥሎ አንዱን ቅጠል ወደ ብርሃን አንሥተው ይዩት፤ የጀርባው ጽሑፍ ከፊቱ ጋር ከተደባለቀ ማታ በመብራት ማንበብ ፈተና ይሆናል። በቀይ የሚታተሙት ቅዱሳት ስሞችም ከመስመራቸው ወጥተው ከጥቁሩ ፊደል ላይ አለመውደቃቸውን ያረጋግጡ።

የፊደል ለቀማው ጥንቃቄ ይበልጥ ያሳስበናል። መዝሙር 96 መጨረሻው አካባቢ «ብርሃን ሠረቀ ለጻድቃን» ይላል። «ሠረቀ» በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ በእሳቱ ሰ «ሰረቀ» ከተባለ ግን ሌብነት ይሆናል። ይህችን ቃል የሳተ እትም ሌላም ቦታ መሳቱ ስለማይቀር መልሰው ያስቀምጡት።

ይዘቱም ይታይ። ሙሉ ዳዊት ከ150ው መዝሙር ሌላ 151ኛውን፣ 15ቱን ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይን፣ እንዲሁም የእመቤታችን ምስጋና የሆኑትን ውዳሴ ማርያምንና አንቀጸ ብርሃንን ይይዛል። አንዳንድ ትንንሽ እትሞች ለማሳጠር ሲሉ የመጨረሻዎቹን ይተዋሉ። ውዳሴ ማርያም መጉደሉ በተለይ ይቆጫል፤ የሰኞው ገና ሲጀምር «ፈቀደ እግዚእ ያግዕዞ ለአዳም» ይላል፤ ጌታ ያዘነውን አዳምን ነጻ ሊያወጣው ወደደ። ሳምንቱን በዚህ ቃል የጀመረ ሰው በእግዚአብሔር ቸርነት ላይ ቆሞ ይውላል።

የሳምንቱ አደራረግ እንዲህ ነው፦ ሰኞ 1–30፣ ማክሰኞ 31–60፣ ረቡዕ 61–80፣ ሐሙስ 81–110፣ ዓርብ 111–130፣ ቅዳሜ 131–150፤ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። አሥር መዝሙር አንድ ንጉሥ ይባላል፤ ጠቅላላው 15 ንጉሥ ነው። ዓርብ ሁለት ንጉሥ ብቻ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን 22 ክፍል ያለው 118ኛው ያለው እዚያ ነው። ረቡዕም ረጅሙን 77ኛውን ይዟል። ስለዚህ ጀማሪ ከንስሐ አባቱ ጋር ተማክሮ በቀን አንድ ንጉሥ ቢይዝ በ15 ቀን ይጨርሳል።

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ማክሰኞ ያመለጠውን ረቡዕ ላይ ይደምራል፤ ሦስትና ሁለት አምስት ንጉሥ ይሆንበታል፣ ሐሙስ ይደክመዋል፣ ዓርብ ይተወዋል። ጸጋ ስጦታ ነው፤ ውዝፍ አይቆጠርበትም። ቀኑ ካለፈ የዕለቱን ይዞ መቀጠል ነው። ጊዜ ከጠፋም 50ኛው መዝሙር ከዕለቱ ውዳሴ ማርያም ጋር ይበቃል።

ስለ ቁጥሩ አንድ ማስጠንቀቂያ። የግእዙ ዳዊት የሰብዓ ሊቃናትን፣ ማለትም የጥንቱን የግሪክ ትርጉም፣ አቆጣጠር ስለሚከተል፣ የዕብራይስጡን ከሚከተል መጽሐፍ ቅዱስ ጋር በአብዛኛው በአንድ ይለያያል፤ የእረኛው መዝሙር እዚህ 22፣ እዚያ 23 ነው። ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን የሚያትም እትም ካገኙ ይምረጡት፤ ስብከት ላይ የተጠቀሰውን ፍለጋ ገጽ ማገላበጥ ይቀርልዎታል።

ማኅደሩን፣ የቆዳ መያዣውን፣ በመጨረሻ ይግዙ፣ መጽሐፉን ይዘው ሄደው ይለኩ። ቆዳው ጠበብ ካለ የሽፋኑን ጠርዝ ያጥፈዋል፤ ሰፊ ከሆነ ደግሞ መጽሐፉ ውስጡ እየተንሸራተተ ቅጠሉ ይጨማደዳል።