ከሂርማታ ገበያ የሚነሳው የአዳራሽ ውይይት፤ ጥሩውና ጉድለቱ

ጅማ ውስጥ አንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሹን ለሰፈሩ ሰው ከፍቶ ስለ ባርነትና ስለ ዘር ንቀት ታሪክ ያወያያል። መሄድ ይገባል። ትልቁ ብርታቱ ከሩቅ አገር አለመጀመሩ ነው፤ ባሪያ ይሸጥበት ከነበረው ከሂርማታ ገበያ ይነሳል፣ ፍትሐ ነገሥት ባርነትን ይፈቅድ እንደነበር ሳይሸፋፍን ይናገራል፣ ከዚያ በ1934 ዓ.ም. ባርነትን ወደ ሻረው አዋጅ ይደርሳል። ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፦ አዋጁ ከወጣ በኋላም «የባሪያ ዘር» የሚለው ስድብና ለጋብቻ አጥንት መቁጠሩ ለምን አልቀረም?

ከ8 እስከ 10 ሰው በክብ ይቀመጣል፤ ለተናጋሪ 3 ደቂቃ። አማርኛውም ኦሮምኛውም ይተረጎማል፣ ግን ትርጉም ጊዜውን እጥፍ ስለሚያደርገው 2 ሰዓት አይበቃም። ቡናው ሲቀርብ ጨዋታው ገና መሞቁ ነው።

አንድ ነገር ግን መታረም አለበት። አወያዩ «ከባሪያ ቤተሰብ የመጣ ካለ ይናገር» ሲል ክቡ ጸጥ ይላል፤ ሰውን በገዛ ሰፈሩ ማጋለጥ ነውና። አስቀድሞ ለብቻው ተጠይቆ የፈቀደ ብቻ ይናገር። ቀጠሮውም ዓርብ ቀትር ላይ አይሁን፤ ሙስሊም ጎረቤቶች ጁምዓ ላይ ናቸው፣ ያለ እነሱ ደግሞ የጅማ ታሪክ ጎደሎ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ይሻላል።