ተከታታይ የድምፅ ፋይሎችን በድረ ገጽ ለማጫወት፦ የአራት አማራጮች ንጽጽር

በምዕራፍ የተከፋፈለ ትረካ፣ ተከታታይ ትምህርት ወይም የሙዚቃ አልበም በድረ ገጹ ላይ ለማቅረብ የተነሣ ሰው፣ አንዱ ፋይል ሲያልቅ ቀጣዩ በራሱ እንዲጀምር ይፈልጋል። እዚህ የሚነጻጸሩት አራት አማራጮች ይህን በራሳቸው ወይም በጥቂት ኮድ ታግዘው ይሠራሉ፤ ልዩነታቸው ጎልቶ የሚታየው በፋይሎቹ መካከል በሚፈጠረው ክፍተት፣ አድማጩ በሚጠቀመው ዳታና የድረ ገጹ ባለቤት በሚያወጣው ወጪ ነው።

ለረጅም ንግግር እኔ የምመርጠው በብራውዘሮች ውስጥ የሚገኘውን የኤችቲኤምኤል 5 የድምፅ ማጫወቻ ነው። ፈቃድ አይገዛለትም፤ ተጨማሪ ፕሮግራምም አይጫንለትም። ማጫወቻው በራሱ አንድ ፋይል ብቻ ስለሚያጫውት ግን፣ ፋይሉ ሲያልቅ የቀጣዩን አድራሻ የሚሰጠው አጭር የጃቫስክሪፕት ኮድ ያስፈልገዋል። ኮዱን የሚጽፈው ባለሙያ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አዲስ ማጫወቻ ከመፍጠር ይልቅ በአንዱ ማጫወቻ ላይ አድራሻውን ብቻ እንዲቀይር አጥብቄ እመክራለሁ። የስልክ ብራውዘሮች፣ በተለይም የአይፎኑ ሳፋሪ፣ ተጠቃሚው ሳይነካው የሚጀምርን ድምፅ ስለሚከለክሉ፣ አንድ ጊዜ የተነካው ማጫወቻ ሲቀጥል አዲሱ ሊታገድ ይችላል።

ይህ አማራጭ ለአድማጩ ዳታም ይጠነቀቃል። በሰከንድ 64 ኪሎቢት በሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር) የተዘጋጀ የአንድ ሰዓት ንግግር 29 ሜጋባይት ያህል ሲሆን፣ በ128 ኪሎቢት ቢዘጋጅ እጥፍ ይሆናል፤ ለሰው ድምፅ ደግሞ የመጀመሪያው በቂ ነው። አስቀድሞ እንዳያወርድ ከታዘዘ፣ በሞባይል ዳታ ጥቅል የሚያዳምጥ ሰው ያልከፈተው ምዕራፍ ዳታውን አይበላበትም። ድክመቱ በፋይሎቹ መካከል አጭር ዝምታ መኖሩ ነው፤ ኤምፒ3 ራሱ በሚዘጋጅበት ጊዜ በፋይሉ መነሻና መድረሻ ላይ ጥቂት ባዶ ድምፅ ይጨምራል። በትረካ ይህ አይታወቅም፤ ሳይቋረጥ ከአንዱ ወደ ሌላው በሚሸጋገር የመድረክ ቀረጻ ግን ጆሮን ይረብሻል።

ሃውለር የተባለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የቀረበ የኮድ ስብስብ) በነፃ የሚገኝ ሲሆን ለጨዋታዎችና ለአጫጭር ድምፆች እጅግ ተስማሚ ነው። ይሁን እንጂ በተለመደው አሠራሩ ፋይሉን ሙሉ በሙሉ አውርዶና ከታመቀበት ፈትቶ በመሣሪያው ጊዜያዊ ማስታወሻ (ሜሞሪ) ውስጥ ያስቀምጠዋል። በዚህ መልክ የተፈታ የስቴሪዮ (ባለ ሁለት መስመር) ድምፅ፣ በሰከንድ 44,100 ናሙና ካለው፣ ለእያንዳንዱ ደቂቃ 21 ሜጋባይት ያህል ስለሚይዝ፣ የአንድ ሰዓት ፋይል ከ1.2 ጊጋባይት በላይ ይጠይቃል፤ አነስተኛ ስልክ ይህን አይችልም። ወደ ኤችቲኤምኤል 5 የሚመልሰው ቅንብር ቢኖርም፣ በዚያ ከተሠራ ላይብረሪውን ለመምረጥ ያለው ምክንያት ይቀንሳል። አዝራርና የፋይል ዝርዝርም ስለሌለው ባለሙያው ራሱ መሥራት ይኖርበታል። ፍጹም ክፍተት የሌለው ሙዚቃ የሚሻ ሰው ቀጣዩ ፋይል የሚጀምርበትን ቅጽበት አስቀድሞ የሚወስን ኮድ ዌብ ኦዲዮ በተባለው የብራውዘሮች የድምፅ ማቀናበሪያ በቀጥታ ማስጻፍ አለበት፤ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው።

ድረ ገጹ ዎርድፕሬስ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም የተሠራ ከሆነ፣ ከ3.9 እትም (2014) ጀምሮ አብሮት የሚመጣው የማጫወቻ ዝርዝር ያለ ባለሙያ ይሠራል፤ ለብዙ ማኅበራትና ለግል ተራኪዎች ይህ ይበቃል። ፋይሎቹን ከመጫን በፊት 01፣ 02 ብሎ መሰየም ይጠቅማል፤ ያለ ዜሮ ከተሰየሙ በስም ሲደረደሩ 10 ከ2 ቀድሞ ሊገኝ ይችላል።

በእነዚህ በሦስቱ ፋይሎቹ የሚቀመጡት በባለቤቱ ሰርቨር ነው። በ64 ኪሎቢት የተዘጋጁ አሥር የአንድ ሰዓት ምዕራፎችን 1,000 ሰዎች እስከ መጨረሻው ቢያዳምጡ፣ ሰርቨሩ 288 ጊጋባይት ያህል ያስተላልፋል። በርካሽ የተከራየ ሰርቨር ይህን መቻሉ ከውሉ መረጋገጥ አለበት። አራተኛው አማራጭ፣ የድምፅ ፋይሎችን በራሱ ሰርቨር የሚያስቀምጠው የኢንተርኔት አገልግሎት ሳውንድክላውድ፣ ይህን ሸክም ይወስዳል፤ ዝርዝሩም በአንድ ኮድ ገጹ ላይ ይለጠፋል። በአንጻሩ ነፃው አካውንት የሚቀበለው የሰዓት መጠን የተወሰነ ነው፤ የማጫወቻው ገጽታም የድርጅቱ ነው። አድማጮቹ ብዙ፣ ሰርቨሩ ግን ደካማ ለሆነበት ሰው እመክረዋለሁ።

የባለሙያው ክፍያ ከመጠናቀቁ በፊት የድረ ገጹ ባለቤት ሥራውን ዋጋው ዝቅተኛ በሆነ የአንድሮይድ ስልክና በአይፎን ይሞክረው፤ የመጀመሪያው ፋይል ሊያልቅ ሲል የስልኩን ማያ ገጽ ቆልፎ፣ ሁለተኛው በራሱ መጀመሩን ያዳምጥ። ወደ ፋይሉ መካከል ዘልሎ ማድመጥ ካልተቻለም፣ ሰርቨሩ ፋይልን በከፊል መላክ እንዲችል ተደርጎ እንዲስተካከል ይጠይቅ።