ሥዕል የምትሠሩም፣ ፍሬም የምትፈልጉም፦ እኚህን ባለሙያ እወቋቸው

ይህን የምጽፈው ለምስጋናም ለጥቆማም ነው። "ፒያሳ የነበሩት ፍሬም ሠሪ የት ገቡ?" እያላችሁ የምትጠይቁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አሉ። በ2016 ዓ.ም ሠፈሩ በኮሪደር ልማቱ ሲነሳ እሳቸውም ተነሱ። አሁን አዲሱ ገበያ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ነው የሚሠሩት። ቦታው መንገድ ዳር ስላልሆነ አላፊ አግዳሚው አያያቸውም። ታፔላም የላቸውም። ከድሮ ደንበኞቻቸው ብዙዎቹ ሥራ ያቆሙ ነው የሚመስላቸው። አላቆሙም።

ስማቸውን አልጽፍም። ፎቶ ላንሳዎት ስላቸው "እኔ ምን የሚታይ አለኝ፣ ሥራውን አንሺ" ነው ያሉኝ። ስለዚህ እዚህ ጋሼ ብቻ ናቸው።

እኔ የኢሉስትሬሽን ተማሪ ነኝ። በአጭሩ ለመጽሐፍ፣ ለመጽሔት፣ ለፖስተር የሚሆን ሥዕል መሥራት ነው የምማረው። ይሄ ሥራ ዛሬ ታብሌት ላይ ተጀምሮ ታብሌት ላይ ነው የሚያልቀው። እኔም የሚከፈልበት ሥራ ሲመጣ እንደዚያው ነው የማደርገው። ዘንድሮ ግን እጄን የተለያየ ነገር ላይ ልፈትን ብዬ ተነሳሁ። እንጨት ቀርጾ ማተም፣ አቡጀዲ፣ ብራና፣ የእንቁላል ቀለም። ሁሉንም የሞከርኩት በአንድ የልጆች ተረት ሥዕሎች ላይ ነው፤ ጅብ፣ ጦጣና አህያ ያሉበት ተረት። አንዱ ጅብ በየማቴሪያሉ ሌላ ጅብ ሆኖ ይወጣል። እንጨት ላይ ክፉ ነው፣ ብራና ላይ ያሳዝናል።

እንዲህ ዓይነት ሙከራ ታዲያ ከቀለሙ በፊት የእንጨት ሥራ ይፈልጋል። የሚቀረጽ ጣውላ፣ የሚወጠር ፍሬም፣ የማይጎብጥ ሰሌዳ። አናጺ ቤት ሄዳችሁ "ኤ3 የሚያክል ጣውላ ቁረጥልኝ" ብትሉ የሚሰማችሁ የለም፤ ሰው በርና ቁምሳጥን እያዘዘ ማን ለእናንተ ጊዜ አለው? ጋሼን ያገኘሁት እንዲህ ስንከራተት ነው። አንድ ሰዓሊ ናቸው የጠቆሙኝ።

መጀመሪያ የሄድኩት ለእንጨት ህትመቱ ነበር። ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራ ሰሌዳ) ይቁረጡልኝ አልኳቸው። መጠኑን አልጠየቁኝም። "ምን ልትሠሪበት ነው?" ነው ያሉት። ይሄ ጸባያቸው ነው። የፎቶ ፍሬም ብታዙም ያው ጥያቄ ነው የሚመጣው፤ የት ነው የሚሰቀለው፣ ፀሐይ ያገኘዋል ወይ፣ ግድግዳው እርጥበት አለው ወይ። ነገርኳቸው። ከጥግ የተደገፈ የዋንዛ ቁራጭ አወጡ፣ ከሰው ቁምሳጥን የተረፈ። መላጊያውን አንዴ ሄድ መለስ ሲያደርጉበት የእንጨቱ ጅማት ወጣ። "ኤምዲኤፍ ጅማት የለውም፣ በየትም በኩል ትቆርጪዋለሽ። ግን ቀጭን መስመር ስታወጪ ጠርዙ ይፈረፈራል። ባሕር ዛፍ ይሰነጠቅብሻል። ይሄ ይሻልሻል" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ዋንዛ ላይ በጅማቱ አቅጣጫ መሮው ይንሸራተታል፤ ጅማቱን ካቋረጣችሁት ይቦጭቃል። የጅቡን ፀጉር በጅማቱ አቅጣጫ ነው ያወጣሁት፣ ግማሹን ሥራ እንጨቱ ራሱ ሠራልኝ።

ፊደል ያለበት ሥዕል ሲታተም ስለሚገለበጥ ፊደሉን በመስታወት እንደሚታየው አድርጎ መቅረጽ ግድ ነው። የሳቸው ዘዴ ቀላል ነው። ስስ ወረቀት ላይ ጻፊው፣ ወረቀቱን ገልብጠሽ እንጨቱ ላይ በኮላ ለጥፊው፣ ከነወረቀቱ ቅረጪው። መሮዎቼንም ተቀብለው ሳሉልኝ። "ጣት የሚቆርጠው የደነዘዘው ነው" ይላሉ። ማተሚያ ማሽን የለኝም፣ ወረቀቱን በማንኪያ ጀርባ ነው የማሸው። ይሄን ሲሰሙ ሆዱ ክብ የሆነ፣ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ማሻ ከዋንዛ ቀርጸው ሰጡኝ። ሒሳብ ውስጥ አላስገቡትም።

በነገራችን ላይ የእንጨት ህትመት እዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ሰዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ሃንሰን ባሂያ የተባለው ጀርመናዊ ከብራዚል መጥቶ በ1950ዎቹ አጋማሽ አስተምሮታል። እዚያ ከተማሩት ብዙዎቹ በኋላ ትልልቅ ሰዓሊዎች ሆነዋል። አሁን ግን ለህትመት የሚሆን እንጨት አዘጋጅቶ የሚሰጥ ሰው ማግኘት ዳገት ነው።

አቡጀዲው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ተማሪ የሆናችሁ ይጠቅማችኋል። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ካንቫስ ዋጋው አይቀመስም። አቡጀዲ ርካሽ ነው፣ ግን ዝም ብሎ አይወጠርም። ጋሼ ሳይታጠብ አይቀበሏችሁም። በሙቅ ውሃ ታጥቦ ስታርቹ ይውጣ፣ የሚሰበሰበው ይሰብሰብ ነው የሚሉት። ከዚያ ፍሬሙ። የሳቸው ፍሬም እንጨቱ ወደ ውስጥ ተዳፍቶ የተላገ ነው። ጨርቁ እንጨቱን የሚነካው በውጪኛው ጠርዝ ብቻ ነው። እንዲህ ካልሆነ ቀለም ስትቀቡ የእንጨቱ መስመር ሥዕሉ ፊት ላይ ይወጣባችኋል። ገበያ ላይ የሚሸጡት ብዙዎቹ ይሄ የላቸውም። ሄዳችሁ ገልብጣችሁ እዩት።

አወጣጠራቸውን ቆሜ ነው ያየሁት። ከጥግ አይጀምሩም። ከአንዱ ጎን መሃል ላይ አንድ ምስማር፣ ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ካለው ጎን መሃል፣ ከዚያ ግራና ቀኝ። ጨርቁ ላይ መስቀል ይሠራል። ቀጥሎ በፒንሳ እየጎተቱ ከመሃል ወደ ጥግ ይሄዳሉ፣ ሁልጊዜ ፊት ለፊት ያለውን ጎን እያፈራረቁ። ጥጉን አጥፈው ሲጨርሱ በጣታቸው ይመቱትና ያዳምጡታል። እንደ ከበሮ ካልጮኸ ይፈታል። ከበስተጀርባ በየጥጉ ትንንሽ ሽብልቅ ይገባበታል። ጨርቁ በጊዜ ብዛት ሲላላ ሽብልቁን በመዶሻ መታ መታ ስታደርጉት መልሶ ይወጥረዋል። እኔ ነጩን ኮላ በውሃ አቅጥኜ አንዴ ከቀባሁት በኋላ ነጭ ቀለም ደርቤበት ነው የምሥለው። እስካሁን አልከዳኝም።

ወደ ብራናው ልምጣ። ሰዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን በቆዳና በዛፍ ልጥ ላይ የሠራቸውን ካየሁ ጀምሮ ቆዳ ላይ መሥራት ያምረኝ ነበር። ብራና ከሚፍቁ አንድ መሪጌታ የፍየል ገዛሁ። ብራና ሁለት ፊት አለው። ሥጋው በነበረበት በኩል ነጣ ይላል። ፀጉሩ በነበረበት በኩል ቢጫ ቢጤ ነው፣ ቀረብ ብላችሁ ስታዩት የፀጉሩ ቀዳዳዎች እንደ ነጥብ ተሰድረው ይታያሉ። እኔ የመረጥኩት እሱን ነው። የጅቡን ዝንጉርጉር እነዚያን ነጥቦች እየተከተልኩ አወጣሁት። ብራና ውሃ የበዛበት ቀለም አይወድም፣ ወዲያው ይጨማደዳል። ወፍራም ቀለም፣ ጥቂት ውሃ፣ ትዕግሥት።

ሥራው ካለቀ በኋላ ጋሼ ወረፋ ስለነበረባቸው ሌላ ቤት ሰጠሁት። ቤቱን አልጠራም። ካርቶን ላይ በሙጫ ለጥፈው መስታወት አልብሰው ሰጡኝ። ዝናብ ሲመጣ ብራናው አበጠ፣ መስታወቱን ነካ፣ መሃሉ ተሸበሸበ። ለጋሼ ይዤላቸው ሄድኩ። ከመስታወቱ አውጥተው ከኋላው በእርጥብ ጨርቅ ካርቶኑን እያለሳለሱ፣ እየላጡ፣ ረጅም ሰዓት ፈጅቶባቸው አላቀቁት። እኔ ማየት አቅቶኝ ውጪ ቆሜ ነበር።

"ቆዳ ነው እኮ ልጄ፣ ይተነፍሳል" አሉኝ። እርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ከለጠፋችሁት መሄጃ ያጣል። እሳቸው ጠርዙን ዙሪያውን በወስፌ በሱት፣ በክር ከውስጠኛው ፍሬም ጋር ወጠሩት፣ ልክ ብራና ፋቂው እርጥቡን ቆዳ እንደሚወጥረው። በመስታወቱና በብራናው መሃል ቀጭን እንጨት አስገቡ፣ እንዳይነካካ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ዝናብ አልፎበታል። ምንም አልሆነም። ቤታችሁ የድሮ ክታብ ወይም የብራና ቅጠል ያላችሁ ሰዎች፣ ይሄን አንቀጽ ደግማችሁ አንብቡት። ማንም ሙጫ እንዳያስነካው።

የእንቁላል ቀለሙ ደግሞ ሁዳዴ ላይ ነው የገጠመው። ለሱ የሚሆን ሰሌዳ ጨርቅ አይሆንም፤ ቀለሙ ሲደርቅ ድርቅ ስለሚል የሚተጣጠፍ ነገር ላይ ይሰነጠቃል። እንጨት ነው የሚፈልገው፣ እላዩ ላይ ነጭ ጄሶ በስሱ እየተደራረበ ተቀብቶ በብርጭቆ ወረቀት የተሞለጨ። ጋሼ የዋንዛ ሰሌዳውን ጀርባውንም ጄሶ ቀቡት። ለምን ስላቸው "ፊቱን ብቻ ከቀባሽው ወደዚያው ይጎብጣል" አሉ። ቀለሙን ያሳየኋቸው እዚያው ወርክሾፑ ውስጥ ነው። አስኳሉን ከነጩ ለይቼ መዳፌ ላይ አንከባለልኩት፣ እርጥበቱ እስኪለቅ። ከዚያ ስስ ቆዳውን በሁለት ጣት ይዤ አንጠለጠልኩት፣ ከሥር ወጋሁት፣ አስኳሉ ብቻ ዕቃው ላይ ፈሰሰ። ከዱቄት ቀለምና ከጠብታ ውሃ ጋር ሲታሽ ቀለም ሆነ። ጋሼ ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና "በጾም እንቁላል ይዘሽብኝ መግባትሽ ሳያንስ፣ ነጩን ምን ልታደርጊው ነው?" አሉኝ። ለነጩ መልስ አልነበረኝም።

ይህ ቀለም ቶሎ ስለሚደርቅ አንዱን ከአንዱ ማዋሃድ አይቻልም። በቀጭን ብሩሽ መስመር በመስመር ነው የሚሄደው። ለኢሉስትሬሽን ግን ተስማምቶኛል፣ የጦጣዋ ፊት እንደዚያ ወጥቶልኝ አያውቅም።

ለስክሪን ህትመትም፣ ማለትም ቀለም በተወጠረ ስስ ጨርቅ በኩል እየተገፋ ለሚታተመው፣ ፍሬም ሠርተውልኛል። ስለሱ ብዙ የሚወራ የለም። አልጠመመም፣ ያ ነው የሚፈለገው።

ጋሼ እንከን የላቸውም አልልም። ስልክ አያነሱም። ቢያነሱም መጠን በስልክ አይቀበሉም። "ሐሙስ ይደርሳል" ካሉ እናንተ ቅዳሜ ብላችሁ ያዙት። ወርቅ የተቀባ፣ አበባ የተቀረጸበት ፍሬም ከፈለጋችሁ እሳቸው ጋ አትሂዱ፣ አይሠሩም፣ ደግሞም ፊት ለፊት አያምርም ይሏችኋል። ዋጋቸው ተዘጋጅቶ ከሚሸጠው የፕላስቲክ ፍሬም ይበልጣል። ግን ብሩን አስቀድመው ይናገራሉ፣ በኋላ የሚጨመር ነገር የለም። ለተማሪ ደግሞ ቁራጭ እንጨት ያስቀምጣሉ፤ ዓይን አፋር አትሁኑ፣ ጠይቁ።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ ካነበበችልዎት፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። የዘንድሮ ሥራዬ ግማሹ የእርስዎ እጅ ነው፣ ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት መጥተው ያዩልኝ።

አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ስትሄዱ ሥዕሉን ወይም ፎቶውን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ። ቀብድ ግማሽ ነው። ጠዋት ይሻላል፣ ከሰዓት በኋላ እንጨት ሊገዙ ይወጣሉ። ዘንድሮ የምትመረቁ ልጆች ደግሞ ከግንቦት አታሳልፉት። ሰኔ ላይ የምረቃ ፎቶ ይጎርፍባቸዋል፣ ያኔ ወረፋው አይቻልም።