በ59 ዶላር የሚሸጠውን ትልቅ የውሃ ሸርተቴ አትዘዙ

ወገኖች፣ ሙቀቱ ሲጀምር ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አንድ ማስታወቂያ ይመላለሳል። ከቤት ጣሪያ የሚስተካከል፣ የሚነፋ የውሃ ሸርተቴ ነው። ከላይ ውሃ ይረጫል፣ ከታች ገንዳ አለው፣ ስድስት ሰባት ልጆች እየተንጫጩ ይወርዱበታል። 399 ዶላር የሚለው ዋጋ ተሰርዞ ጎኑ ላይ 59 ተጽፏል። ከስሩ "ሱቃችንን ልንዘጋ ስለሆነ" የሚል ጽሁፍና ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት አለ። ሰዓቱ ዜሮ ሲደርስ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ገጹን ከፍቶ ለጠበቀ ሰው ይሄ ብቻ ይበቃው ነበር። ግን ማን ይጠብቃል?

አትዘዙት።

እህቴ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። ለልጇ ልደት ብላ አዘዘች። ከወር በላይ ቆይቶ፣ ልደቱም አልፎ፣ በሯ ላይ የተገኘው በአንድ እጅ የሚያዝ ግራጫ የፖስታ ከረጢት ነው። ሲከፈት ሳር ላይ የሚዘረጋ ስስ ፕላስቲክ ወጣ። ዳርና ዳሩ ትንሽ አየር ይይዛል፣ ጫፉ ላይ የአትክልት ማጠጫ ጎማ ይሰካል፣ ልጆች በሆዳቸው ይንሸራተቱበታል። ሸርተቴ ነው ካሉት ሸርተቴ ነው! ሱቅ ገብታችሁ ብትጠይቁ ይሄው ዓይነት ከ59 ዶላር በጣም ባነሰ ዋጋ ታገኙታላችሁ።

ዋናው ተንኮል ግን የሚጀምረው ገንዘቤን መልሱ ስትሉ ነው። "ውድ ወዳጃችን፣ እኛ ትንሽ የቤተሰብ ንግድ ነን" ብለው በትህትና ይጽፋሉ። "ዕቃውን ያስቀሩት፣ 15 በመቶ እንመልስልዎ።" እምቢ ስትሉ 25 ይሆናል። ከዚያ 40። በየመልሱ መካከል ብዙ ቀን ያልፋል። ሙሉውን ካልሆነ አልቀበልም ካላችሁ፣ ዕቃውን በራሳችሁ ወጪ ቻይና ላኩ ይሏችኋል። መላኪያው ደግሞ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል። ትህትናውም ድርድሩም ጊዜ መግዣ ነው። በአሜሪካ ሕግ በክሬዲት ካርድ የከፈለ ሰው ያልደረሰውን ወይም በስምምነቱ መሠረት ያልመጣለትን ዕቃ ክፍያ ለመቃወም ቀነ ገደብ አለው። ክፍያው ያለበት የመጀመሪያው ቢል ከተላከ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ ካርዱን ለሰጣችሁ ባንክ በጽሁፍ ማሳወቅ አለባችሁ። ዕቃው ሲመጣ አንድ ወር፣ ድርድሩ ሌላ አንድ ወር። ሂሳቡን እነሱ ከኛ በላይ ያውቁታል።

ስለዚህ ከሻጩ ጋር አትጨቃጨቁ። አንዴ ጻፉ፣ መልሱን ፎቶ አንሱ፣ ወዲያው ለባንኩ ክፍያውን እቃወማለሁ በሉ። የማስታወቂያውን ፎቶና የመጣውን ዕቃ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ላኩ። እህቴ ገንዘቧን ያገኘችው እንዲህ ነው። "ጥቅሉ ደርሷል ይላል" ቢሏችሁም አትደንግጡ። አንዳንዶቹ ሆን ብለው እዚያው ከተማ ወዳለ ሌላ አድራሻ እዚህ ግባ የማይባል ነገር ይልኩና የመከታተያ ቁጥሩን ማስረጃ ያደርጉታል።

ዜል ወይም ካሽ አፕ በሚባሉት የስልክ ገንዘብ መላኪያዎች ከከፈላችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብሩን በፈቃዳችሁ ልካችኋልና ባንኩ "ዕቃው ልክ አይደለም" ብሎ አያስመልስላችሁም። ፔይፓል ለገዢ ዋስትና አለው፣ ቅሬታ ለማቅረብም 180 ቀን ይሰጣል። ነገር ግን "ለጓደኛና ለቤተሰብ" በሚለው ላኩልን ካሏችሁ ያ ዋስትና የለም። በዚያ መንገድ ላኩ የሚል ሻጭ ለምን እንደሚል ያውቃል።

ገና ሳይገዙ መለየት ይቻላል ወይ? በደንብ። ክብደቱን ፈልጉ። ፎቶው ላይ የምታዩት ትልቅ ሸርተቴ በጠንካራ ጨርቅ የተሰፋ ነው። አየሩ በስፌቱ በኩል ቀስ እያለ ስለሚወጣ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ብሎወር ልጆቹ እስኪጨርሱ ድረስ ያለማቋረጥ ይነፋዋል። (በስፌቱ አየር ወጣ ብላችሁ ደግሞ ዕቃ እንዳትመልሱ፣ አሠራሩ ነው።) እንዲህ ያለ ዕቃ በትልቅ ካርቶን የሚመጣና አንድ ሰው ብቻውን ለማንሳት የሚቸገርበት ነው። ብሎወሩ ብቻውን እንኳ 59 ዶላርና ከዚያ በላይ ያወጣል። ስለዚህ ገጹ ላይ ክብደት ካልተጻፈ፣ ብሎወር አብሮ ይመጣ እንደሆነ ካልተገለጸ፣ ሻጩ የሚልክላችሁ ሌላ ነገር ነው።

በእውነተኛ ሱቅ የሚሸጡት ገንዳዎችም ቢሆኑ ያሳስታሉ። ካርቶኑ ላይ ያለው ልኬት ብዙ ጊዜ ሳይነፋ የተለካ፣ ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ ነው። ሲነፋ ይሰበሰባል። ግድግዳውም ራሱ ቦታ ይበላል። 10 በ6 ጫማ የተባለ ገንዳ ግድግዳው በየጎኑ አንድ ጫማ ቢወስድ፣ ለልጆቹ የሚቀረው 8 በ4 ነው። 60 ካሬ ጫማ ከፍላችሁ 32 ገዛችሁ ማለት ነው። ካርቶኑ ላይ ያሉት ልጆች ለምን ያን ያህል ትንንሽ እንደሚመስሉ እኔም እጠረጥራለሁ።

እዚያች 32 ካሬ ጫማ ውስጥ አንድ ጫማ ውሃ ስትሞሉ ደግሞ ወደ 2,000 ፓውንድ ይሆናል። ከልጆቹ በፊት ማለቴ ነው። ታውንሃውስ ያላችሁ፣ ከሳሎን የሚወጣው የእንጨት ዴክ ላይ ገንዳ አትዘርጉ። ዴክ በተለመደው የግንባታ ደንብ በካሬ ጫማ 40 ፓውንድ እንዲችል ነው የሚሠራው፣ አንድ ጫማ ውሃ ግን ከ62 ፓውንድ በላይ ነው። መሬት ላይ አድርጉት። ሲጨርሱ ድፉት፣ የአንድ ዓመት ልጅ በጥቂት ኢንች ውሃ ይሰምጣል። ጥልቀቱ ከ24 ኢንች የሚያልፍ ከሆነ በብዙ ካውንቲዎች አጥር ግዴታ ስለሆነ፣ ሳትገዙ ጠይቁ።

መግዛቱን ትታችሁ ለልደት የምትከራዩም አላችሁ። በማኅበረሰባችን ቴሌግራም ግሩፖች ሸርተቴና ልጆች የሚዘሉበትን የሚነፋ መዝለያ የሚያከራዩ ብዙ ናቸው፣ ጥሩ ሠራተኞችም አሉ። አንድ ነገር ግን ስለ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት ጠይቁ፤ ኢንሹራንስ አላችሁ ወይ? ወረቀቱን አሳዩኝ በሉ። አምጥቶ፣ ነፍቶ፣ ችካል ሳይመታ የሚሄደውን ደግሞ መልሳችሁ ጥሩት። በኦገስት 2024 ዋልዶርፍ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ በቤዝቦል ጨዋታ ላይ ነፋስ መዝለያውን ከነልጆቹ አነሳው። የ5 ዓመት ልጅ ሞተ፣ ሌላም ተጎዳ። ነፋሱ ሲበረታ ልጆቹን አስወርዳችሁ ብሎወሩን አጥፉ። ልጆቹ ቢያለቅሱም፣ እንግዳው ቢያይም። የብሎወሩ ገመድም የሚሰካው ውሃ ሲነካው ራሱን በሚያጠፋው፣ ቴስትና ሪሴት ቁልፍ ባለው ሶኬት ላይ ብቻ ነው።

የሕፃናት የአንገት ቀለበት የሚባለውን፣ አንገት ላይ ተነፍቶ ሕፃኑን ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ነገር፣ ጨርሶ አትግዙ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ በ2022 ለአካል ጉዳተኛ ሕፃናት ሕክምና ብለው ለሚጠቀሙት ወላጆች ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል። ለጤነኛውም ልጅ አየሩ ከወጣ ያው ነው። የክንድ ፊኛውና ዳክዬውም መጫወቻ ናቸው። ለደህንነት የሚገዛው የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ (ኮስት ጋርድ) ማረጋገጫ ያለበት የሕይወት አድን ጃኬት ነው፣ ጽሁፉ ጃኬቱ ላይ ታትሞ ይገኛል።

አዲስ የሚነፋ ዕቃ ሲከፈት የሚሸተው ሽታ መርዝ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። አዲስ ፕላስቲክ ይሸታል፣ ሽታ ብቻውን መርዝ ነው አያሰኝም። አሜሪካ ውስጥ በ2008 በወጣ ሕግ በልጆች መጫወቻ ላይ አንዳንድ የፕላስቲክ ማለስለሻ ኬሚካሎች ተገድበዋል። በዚያው ሕግ የልጆች ዕቃ ማን፣ የት፣ መቼ እንደሠራው የሚገልጽ የማይላቀቅ ምልክት ሊኖረው ይገባል። የእህቴ ፕላስቲክ ላይ ምንም አልነበረም። ቁጥር እንኳ የለም። እንዲህ ያለውን ለልጅ አትስጡ፣ ፎቶ አንስታችሁ በመንግሥቱ የዕቃ ደህንነት ገጽ፣ ሴፈርፕሮዳክትስ ዶት ጋቭ ላይ አመልክቱ። ማጭበርበሩን ደግሞ ለፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ፣ ለኤፍቲሲ።

የሻጩን ስም ያልጻፍኩት ስሙ በየጊዜው ስለሚቀየር ነው። ፎቶው ግን አይቀየርም። ፎቶውን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡና ጉግል ላይ በምስል ፈልጉት። ያንኑ ሸርተቴ በእውነተኛ ዋጋው የሚሸጠው ሱቅም፣ ያንኑ ፎቶ በተለያየ ስም የለጠፉት ገጾችም አንድ ላይ ይመጡላችኋል።